«ባንክ»፦ በሦስት በር የገባ አንድ ቃል

እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ባንክ ሄድኩ» ሲል ገንዘብ ሊያወጣ ይሁን ዓሣ ሊያጠምድ የሚለየው ዙሪያው ባለው ወሬ ነው። መዝገበ ቃላት ሁለቱን፣ የገንዘብ ቤቱንና የወንዝ ዳሩን፣ ለየብቻ ያሰፍራቸዋል፤ የሩቅ ሥረ መሠረታቸው ግን አንድ ነው። የጥንቶቹ የጀርመን ነገድ ቋንቋዎች የአፈር ክምርንም መቀመጫንም በአንድ ቃል ይጠሩ ነበር።

መጀመሪያ የገባው የወንዝ ዳር ነው፤ እ.ኤ.አ. 1200 አካባቢ ከስካንዲኔቪያ ሰዎች አፍ ተወሰደ። ቀጥሎ በፈረንሳይኛ በኩል «ረድፍ» ሆኖ መጣ፦ የቀዛፊዎች መቀመጫ፣ ዛሬ ደግሞ ጎን ለጎን የተደረደሩ ማብሪያ ማጥፊያዎች። የገንዘቡ የዘገየ ነው። የጣሊያን መንዛሪዎች ሳንቲም የሚቆጥሩበት ጠረጴዛ «ባንካ» ይባል ነበርና በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንግሊዝኛ ውስጥ ገባ። የእንግሊዝኛው የኪሳራ መጠሪያ «ባንክራፕት»ም ከዚያው ነው፤ በጣሊያንኛ ቃል በቃል «የተሰበረ ጠረጴዛ» ማለት ነው።

አማርኛ ከእነዚህ የገንዘቡን ብቻ የወሰደ ይመስላል። ግን ቡና ቤት ገብተን የምንደገፍበት «ባንኮኒ» ከጣሊያንኛው ጠረጴዛ የወጣ የባንክ የአክስት ልጅ ነው። ተጠባባቂ ተጫዋች የሚቀመጥበት «ቤንች»ም እንግሊዝኛ ከጥንት የራሱ ያደረገው የዚሁ ቃል መልክ ነው።

ተርጓሚን የሚያሳስተው የወንዙ ነው። «ዌስት ባንክ» የዮርዳኖስ ወንዝ ምዕራባዊ ዳርቻ እንጂ ከገንዘብ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ስሙ እንዳለ ሲጻፍ ግን ለአዲስ አንባቢ የድርጅት ስም ይመስላል። «ግራ ባንክ» እና «ቀኝ ባንክ» ሲባል ደግሞ የሚለካው ፊትን ወደ ውሃው መሄጃ አዙሮ ነው። ዮርዳኖስ ወደ ደቡብ ስለሚፈስ ምዕራቡ ቀኝ ዳሩ ነው። ካርታ ላይ ሰሜንን ወደ ላይ አድርጎ የሚያይ ሰው ግራ ብሎ ይሳሳታል።

ግስ ሲሆን ሌላ ጣጣ አለ። እሳትን «ባንክ» ማድረግ ፍሙ እንዳይጠፋ በአመድ መሸፈን ነው፤ አማርኛ «ማዳፈን» የሚል ልክክ ያለ ቃል እያለው «ማከማቸት» ተብሎ ሲተረጎም ያሳዝናል። አውሮፕላን «ባንክ» ሲያደርግ በአንድ ክንፉ አዘንብሎ እየዞረ ነው። ከፍታውን ሳይለቅ በ60 ዲግሪ አዘንብሎ ቢዞር ተሳፋሪው ክብደቱ እጥፍ የሆነ ይመስለዋል፤ የመንገደኛ አውሮፕላን ግን በተለመደ በረራ ከ30 ዲግሪ እምብዛም አያልፍም። «ባንክ» ከ«ኦን» ጋር ከመጣ ደግሞ «መተማመን» ነው።

«የደም ባንክ» የተባለው እ.ኤ.አ. በ1937 ቺካጎ ውስጥ ሐኪሙ በርናርድ ፋንተስ በሰጡት ስም ነው። እዚህኛው ባንክ ተቀማጩ ጊዜ አለው፦ ቀይ የደም ሕዋስ ከ1 እስከ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ቀዝቅዞ፣ መከላከያ ፈሳሽ ተጨምሮበትም ቢሆን፣ ቢበዛ 42 ቀን ይቆያል።