ዝነኛ ሰው ስለመውደድ የሚጻፉ አስቂኝ የፍቅር ልቦለዶች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ እየሄድኩ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ አንድ ልቦለድ ይዣለሁ። አንዲት ተራ ልጅ፣ አንድ አገር ያወቀው ዘፋኝ፣ ብዙ ሳቅ፣ መጨረሻው ሠርግ። ቡሬን እንዳለፍን አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ጋሼ ሽፋኑን አይተው «ልጄ፣ ይሄ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» አሉኝ። ማርቆስ እስክንገባ ድረስ ስንከራከር ሄድን። ያነሷቸውን ነገሮች ከጓደኞቼም፣ ከአስተማሪዎችም ስሰማቸው ነው የኖርኩት። እስኪ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው፣ የኛ አይደለም»

ይሄኛው ያንገበግበኛል። የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው። ብዙዎቻችን «ጦቢያ» እያልን የምናውቀው ማለት ነው። የታተመው በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ነው። አፈወርቅ ግን የዘጌ ሰው ነው፤ ከባሕር ዳር በጀልባ ተሻግራችሁ የምትደርሱባት፣ ቡናዋ ጫካ ውስጥ የሚበቅልባት ዘጌ። እና ምን ጻፈ? ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። የንጉሡ ዘመድ የሆነች ልጅ ታያታለች፤ ወንድ መስላት ፍቅር ይይዛታል። አስቡት እንግዲህ! አንዷ በፍቅር እየነደደች ነው፣ ሌላዋ ማንነቷን መናገር አትችልም፣ አንባቢው ሁሉንም ያውቃል። የዛሬ አስቂኝ የፍቅር ልቦለድ ቆሞ የሚሄደው በዚሁ ዘዴ ነው። መጨረሻውም ሠርግ ነው፤ ጦቢያን የሚያገባት ንጉሡ ራሱ ነው። በዚያ ዘመን ከንጉሥ በላይ ዝነኛ ማን ነበረ?

«ቁም ነገር ያለው የፍቅር ታሪክ በእንባ ነው የሚያልቀው»

ጋሼ እዚህ ላይ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አነሱ። ጎጃም ውስጥ ስለ ልቦለድ ተወርቶ ሐዲስ ዓለማየሁ ሳይነሱ አይቀሩም፤ መነሳትም አለባቸው። መጽሐፉ የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሰው ድምፁ እስካሁን ጆሮው ላይ ነው። እኔም መጽሐፉን እወደዋለሁ። ግን እስኪ አጽሙን እንየው። ሰብለ ወንጌል የፊታውራሪ ልጅ ናት። በዛብህ አስተማሪዋ ነው፣ የደሃ ልጅ። ሁለቱን የለያያቸው የፍቅር ማነስ አልነበረም፤ በመካከላቸው የቆመው የዘርና የማዕረግ ግንብ ነው። አሁን ማዕረጉን አንሱና ዝናን በቦታው አስቀምጡ። አንዱን አገር ሁሉ ያውቀዋል፣ ሌላዋን ከሰፈሯ ውጪ የሚያውቃት የለም። ግንቡ ያው ግንብ ነው። ልዩነቱ፣ አንደኛው ታሪክ ግንቡ ሰውን እንዴት እንደሚገድል ያሳየናል፣ ሌላው ደግሞ ሰው እንዴት እንደሚዘለው። ሁለተኛውን መጻፍ የመጀመሪያውን ማቃለል አይደለም። ደግሞስ ጉዱ ካሳ ሲናገር ያልሳቀ ማን አለ? ሐዲስ ራሳቸው ሳቅን አልናቁትም።

«ቀለል ያለ ልቦለድ ለመጻፍም ቀላል ነው»

ኧረ በፍጹም! አንድ ነገር አብረን እንሞክር። ዘፋኙ ለኮንሰርት ወደ ባሕር ዳር ሲሄድ ደምበጫ ላይ መኪናው ይበላሻል እንበል። መካኒክ እስኪመጣ መንገድ ዳር ቡና ከምታፈላ ልጅ ዘንድ በርጩማ ስቦ ይቀመጣል። ልጅቷ ገና ሲመጣ አውቃዋለች። ፎቶው ስልኳ ላይ አለ። ጀበናውን ስታነሳ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ስኒው ሞልቶ ረከቦቱ ላይ ይፈሳል። እናቷ ግን አያውቁትም። ጋቢያቸውን ሳብ አድርገው «የማን ልጅ ነህ?» ይሉታል። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን የመድረክ ስሙን ይነግራቸዋል። እሳቸውም «እሱማ ያንተ ስም ነው። አባትህን ነው የጠየቅኩህ» ይላሉ።

አንባቢው እዚህ ጋ ይስቃል። ዘፋኙ ግን ዝም ይላል፤ ስንት ዓመት ሙሉ ስለ አባቱ የጠየቀው ሰው የለማ። ልጅቷ ያንን ዝምታ ታያለች። ፎቶው ላይ አይታው የማታውቀው ፊት ነው። ቆሎውን ቀስ አድርጋ ወደ እሱ ታስጠጋለታለች። ፍቅሩ የጀመረው እዚህ ነው፣ ገና ሲመጣ ልቧ በደነገጠ ጊዜ አይደለም። አሁን ጸሐፊው «እሱም ስለ አባቱ ሲያስብ ከፋው» ብሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምር ሳቁም ይሞታል፣ ሐዘኑም ይሞታል። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ አንዲት ቃል ከቦታዋ ከተነሳች ወርቁ የለም።

«ልጆችን ያበላሻል፤ የማያውቃቸውን ሰው እያፈቀሩ ይቀራሉ»

ስጋቱን አልንቀውም። ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ሆርተን እና ዎል፣ በ1956 እ.ኤ.አ. ለዚህ ዓይነቱ ቅርርብ ስም አውጥተውለታል፤ ፓራሶሻል ይባላል። ተመልካቹ በስክሪን ወይም በሬዲዮ የሚያገኘውን ሰው እንደ ቅርብ ወዳጁ ይቆጥረዋል፣ ያኛው ግን ጭራሽ አያውቀውም። ነገሩ እውነት ነው፤ ብዙ ሰው ላይም ይደርሳል። ግን ጥሩ ልቦለድ ይህንን አያባብስም። ከደምበጫዋ ልጅ ጋር እንቆይ። ስልኳ ላይ ያለው ሰውዬ አያስነጥሰውም፣ አይርበውም፣ አይሳሳትም። በርጩማው ላይ የተቀመጠው ግን ቡናው ምላሱን አቃጥሎት ዓይኑ እንባ ሞልቷል። ታሪኩ ወደፊት እንዲሄድ ልጅቷ ፎቶውን ትታ ሰውየውን ማየት አለባት። እሱም «አድናቂዬ» ማለቱን ትቶ ስሟን መጠየቅ አለበት። ይህን ያነበበች የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ዝናና ሰው ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እየሳቀች ትማራለች። ምክር ብንሰጣት ግን ጆሮዋን ትደፍንብን ነበር።

ገንዘቡን ነው የምትወደው የሚሉም አሉ። ታሪኮቹን ያነበበ ሰው ይህን አይልም። በነዚህ መጽሐፎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ነገር የሚያበላሸው ገንዘቡና ዝናው ነው። ካሜራው፣ ሐሜቱ፣ «ምን አይቶባት ነው?» የሚለው ወሬ።

«መጨረሻው ከታወቀ ለምን ይነበባል?»

የአሜሪካ የፍቅር ልቦለድ ጸሐፊዎች ማኅበር ለዚህ ዘርፍ ሁለት መለኪያ ነው ያስቀመጠው፦ ታሪኩ በፍቅር ዙሪያ ይሁን፣ አጨራረሱም ልብ የሚያሳርፍና ተስፋ ያለው ይሁን። ስለዚህ አዎ፣ መጨረሻው ይታወቃል፤ ጸሐፊው ቃል ገብቶበታል። ሠርግ ስንሄድስ? ሙሽራዋ እንደምትወጣ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ያ በር ሲከፈት እልልታው ይቀልጣል፣ አያትየው ያለቅሳሉ፣ ከኋላ ያሉት ለማየት በጣታቸው ይቆማሉ። አንባቢውም መጨረሻውን እያወቀ ገጽ የሚገልጠው በምን መንገድ እንደሚደርሱበት ለማየት ነው።

«የሴቶች ንባብ ነው» ለሚለው ብዙ ቃል አላባክንም። ያቺን ሴት ወንድ መስላት እንድታፈቅር አድርጎ የጻፈው አፈወርቅ ወንድ ነው።

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ገብተን ሻንጣዬን ሳወርድ ጋሼ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። «እና ልጅቷ እሺ አለችው?» አሉኝ። መጽሐፉን ሰጠኋቸው። ለኔ ገና ሠላሳ ገጽ ይቀረኝ ነበር።