ቲሙክስ ምንድን ነው?

ደሴ ላይ መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ የዋይፋዩ መሣሪያ ግን ወዲያው ይጠፋል። አንድ ምሽት ሩቅ አገር ባለ ሰርቨር (በኢንተርኔት የምገባበት ኮምፒውተር) ላይ ትልቅ የመረጃ ቋት እየገለበጥኩ ሳለሁ ይኸው ደረሰብኝ። ሦስት ሰዓት የፈጀው ሥራ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መስኮቱ ደርቆ ቀረ። መብራቱ ሲመለስ ገብቼ ባየው ሥራው የለም። የሚያበሳጨው፣ ሰርቨሩ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አልጠፋም ነበር።

በተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት፣ የሰጠነው ትእዛዝ እንደ ወትሮው ከግንኙነታችን ጋር የታሰረ ነው። ግንኙነቱ ሲቋረጥ «ሲግሃፕ» የሚባል ምልክት ለፕሮግራሞቹ ይደርሳቸዋል፤ አብዛኞቹም እዚያው ይሞታሉ። ስሙ «ስልኩ ተዘጋ» እንደ ማለት ነው፤ ኮምፒውተር በስልክ መስመር ይገናኝ ከነበረበት ዘመን የተረፈ።

ቲሙክስ (tmux) የሚባለው ፕሮግራም በመሃል ይገባል። ሰርቨሩ ላይ ራሱን ችሎ ይቆማል፤ ሥራው በእሱ ሥር ይካሄዳል፤ እኛ የምንከፍተውና የምንዘጋው መመልከቻውን ብቻ ነው። ሸማኔ ለምሳ ቢነሣ ድሩ እንደ ተወጠረ ይቆየው የለ? እንደዚያ ነው። የኮንትሮልንና የቢን (Ctrl እና b) ቁልፎች አብረው ተጭነው ከለቀቁ በኋላ ዲን (d) ቢነኩ ሥራው ሳይቆም ይወጣሉ። በማግስቱ ከኮምቦልቻም ሆነ ከሐይቅ ገብተው «ቲሙክስ አታች» (tmux attach) ብለው ሲጽፉ ሁሉም በተዉት ቦታ ይጠብቅዎታል። ጀማሪ የሚስተው አንድ ነገር አለ፤ ቲሙክስን ላፕቶፑ ላይ ያስነሣና ከዚያ ወደ ሰርቨሩ ይገባል። መሆን ያለበት ተገላቢጦሹ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ስክሪን የተባለው ታላቅ ወንድሙ ከ1987 ጀምሮ ነበረ። ቲሙክስን ኒኮላስ ማሪየት በ2007 አወጣው (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)።

ብዙ ሰው የሚያወራለት ግን መስኮት መክፈሉን ነው። ከኮንትሮልና ቢ በኋላ የፐርሰንት ምልክት ሲጫኑ መስኮቱ ግራና ቀኝ ይከፈላል፤ በአንዱ ኮድ ይጽፋሉ፣ በሌላው ስሕተቱን ያነባሉ። እነ አይስሪ (i3) የተባሉት መስኮት አደራጅ ፕሮግራሞች ይህንኑ ለኮምፒውተሩ ገጽ በሙሉ ያደርጉታል፤ መስኮቶቹን ሳይደራረቡ እንደ ንጣፍ ጎን ለጎን ይደረድሯቸዋል። ያምራል፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ባትሪው ሲያልቅ ግን ድርድሩም አብሮ ያልቃል፤ ስለዚህ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ለቲሙክስ አደላለሁ።

እሱም ቢሆን ወሰን አለው፤ ሰርቨሩ ራሱ ጠፍቶ ከተነሣ በውስጡ የነበረው ሁሉ የለም።