ባለ 12 ኢንች ሲንግል ምንድን ነው?

የ1970ዎቹንና የ80ዎቹን (እ.ኤ.አ.) የዳንስ ዘፈን የሚፈልግ ሰው "12 ኢንች ቨርዥን" የሚል ጽሑፍ ሳያጋጥመው አይቀርም። ነገሩ የሸክላ መጠን ነው።

ቀድሞ ነጠላ ዘፈን (ሲንግል) የሚወጣው በትንሿ ሸክላ ነበር። 7 ኢንች፣ በደቂቃ 45 ዙር፣ ከፊትና ከጀርባ አንድ አንድ ዘፈን። እኛም እናውቃታለን፤ የአዲስ አበባው አሳታሚ አምሃ ሪከርድስ ከ1969 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያሳተማቸው ነጠላ ዘፈኖች የወጡት በእሷ ነው። ባለ 12 ኢንቹ ግን የአልበም ሸክላ ያህል ይሰፋል፤ በአንድ ገጹ የሚይዘው ብዙውን ጊዜ አንድ ዘፈን ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ቦታ ለአንድ ዘፈን መስጠት ለምን አስፈለገ? ሸክላ ላይ ድምፅ የሚቀረጸው መርፌዋ በምትሄድበት ቀጭን ቦይ ውስጥ ነው። ቤዝ (ወፍራሙ ድምፅ) ሲበረታ ቦዩ ግራና ቀኝ በሰፊው ይወዛወዛል፤ ቦታ ይበላል። ረጅም ዘፈን ትንሿ ሸክላ ላይ ከተጨናነቀ ድምፁም ቤዙም የግድ ይቀነሳል። ቤት ውስጥ ለሚያዳምጥ ብዙም አይጎዳም። ለዳንስ ቤት ግን ሞት ነው።

መፍትሔው የተገኘው በአጋጣሚ ነው። የኒውዮርኩ የሚክስ ባለሙያ ቶም ሞልተን እንደሚተርከው፣ አንድ ቀን ስቱዲዮው ትንሹን ባዶ ዲስክ ጨርሶ ነበር። በትልቁ ቀረጹት። ቦዮቹ ሲራራቁ ድምፁ ገነነ። 1976 ላይ ሳልሶል የተባለው ኩባንያ ዳብል ኤክስፖዠር የተባለውን የዘፋኞች ቡድን "ቴን ፐርሰንት" በዚህ መጠን ለገበያ አወጣ። ዲጄው ዋልተር ጊቢንስ ዘፈኑን ከ9 ደቂቃ በላይ አርዝሞታል።

ርዝመቱን ማንዛዛት ነው የሚሉ አሉ። አልስማማም። የኒው ኦርደርን "ብሉ መንደይ" ስሙ። ባንዱ የማንችስተር ነው፤ የጆይ ዲቪዥን ድምፃዊ ከሞተ በኋላ የቀሩት የሮክ ሙዚቀኞች ያቋቋሙት። 1983 ላይ ዘፈኑን ያወጡት በ12 ኢንች ነው። መጀመሪያ የድራም ማሽኑ ብቻውን ይመታል። ሌሎቹ ድምፆች አንድ በአንድ ይደረባሉ። ድምፃዊው በርናርድ ሰምነር መዝፈን እስኪጀምር 2 ደቂቃ ያህል ያልፋል፤ እስከዚያ እግራችሁ ዝም አይልም። ያ መንደርደሪያ ከተቆረጠ ዘፈኑ ግማሽ ይሆናል። በዓለም ብዙ የተሸጠው ባለ 12 ኢንች ሲንግልም እሱ ነው።

ዘፈኑን ስትፈልጉ ርዝመቱን እዩ። 7 ደቂቃ ተኩል ገደማ ከሆነ የ1983ቱ ነው። ቤዝ በደንብ በሚያወጣ ስፒከር ክፈቱት፤ በስልክ ስፒከር አይሆንም።