ነጻ ዝውውር ምንድን ነው?

ሠላሳ ዓመት ያለፈው ስመ ጥር ተጫዋች ክለብ በቀየረ ቁጥር ጅማ ውስጥ በየዲኤስቲቪ ቤቱ የሚነሳው ክርክር አንድ ነው፤ የሄደው ለገንዘብ ነው ወይስ ለዋንጫ? ክርክሩን እወደዋለሁ። የማልወደው በማስረጃነት የሚቀርበውን ነው። ነጻ ዝውውር የሚባለው አዲሱ ክለብ ለቀድሞው ክለብ የዝውውር ክፍያ ሳይከፍል ተጫዋቹ ሲሄድ ነው። አንድ የሬዲዮ ተንታኝ ስለ አንድ ተጫዋች «በነጻ ዝውውር ስለሄደ ገንዘብ አሳዶ አይደለም» ሲሉ ሰማሁ፤ ብዙም ሳይቆዩ ስለ ሌላው ደግሞ «ክለቡ በነጻ የለቀቀው አልቆለት ነው» አሉ። እንደ እኔ ውል በማርቀቅ ለሚተዳደር ሰው ሁለቱም ፍርዶች የተቀዱት ከአንድ ስህተት ነው።

የዝውውር ክፍያ የተጫዋቹ ዋጋ አይደለም፤ የቀድሞው ክለብ በውሉ ላይ የቀረውን ጊዜ ለመተው የሚቀበለው ገንዘብ ነው። እዚህ ጅማ፣ ሄርማታ መርካቶ ሱቅ የተከራየ ነጋዴ የኪራይ ዘመኑ ሳያልቅ ቦታውን የሚፈልግ ሰው ሲመጣ «ቁልፍ» ይሸጥለታል፤ የተሸጠው ሱቁ ሳይሆን የቀረው የኪራይ ጊዜ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። (አከራዩ ያላወቀው የቁልፍ ሽያጭ ችሎት ፊት ሲቀርብ የሚያመጣውን ጣጣ ለዛሬ ልተወው።) ዘመኑ ካለቀ ግን ነጋዴው የሚሸጠው ቁልፍ የለውም። አዲሱ ተከራይ በቀጥታ ከባለቤቱ ጋር ይነጋገራል፤ ባለቤቱም ሰውየው ለቁልፍ ሊያወጣው የነበረው ገንዘብ በኪሱ እንዳለ ስለሚያውቅ ኪራዩን ይጨምርበታል ወይም ዳጎስ ያለ ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቀዋል። በእግር ኳስ የሱቁ ባለቤት ተጫዋቹ ራሱ ነው፤ ቅድሚያ ክፍያው ደግሞ እኛ ሀገር «የፊርማ» የምንለው ነው። ገንዘቡ አልቀረም፤ ተቀባዩ ተለወጠ እንጂ።

ይህ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ቤልጂጋዊው ዣን ማርክ ቦስማን በ1990 እ.ኤ.አ. ከሊዬዥ ክለብ ጋር የነበረው ውል ቢያልቅም ክለቡ ያለ ክፍያ አልለቅም በማለቱ ወደ ፈረንሳዩ ደንከርክ ሳይሄድ ቀረ፤ ጉዳዩ የአውሮፓ ፍርድ ቤት ደርሶ ታኅሣሥ 1995 እ.ኤ.አ. ውሉ ያለቀ ተጫዋች ያለ ክፍያ መሄድ ይችላል ተብሎ ተፈረደለት። (ከዚህ በታች የውጭ ተጫዋቾችን በተመለከተ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተንታኙን አባባል መመዘን የምፈልገው በሊቨርፑል አጥቂ በነበረው በመሐመድ ሳላህ ጉዳይ ነው። በ2023 የሳዑዲው አል ኢትሃድ እስከ 150 ሚሊዮን ፓውንድ ይደርሳል የተባለ ጥያቄ ሲያቀርብ ሊቨርፑል እምቢ አለ። ተጫዋቹ ይሂድ ወይስ ይቅር የሚለውን የወሰነው ክለቡ ነበር፤ በውሉ ላይ ገና ጊዜ ስለቀረው ቁልፉ በሊቨርፑል እጅ ነው። በ2025 መጀመሪያ ያው ሰው፣ ይበልጥ አርጅቶ፣ ውሉ ሊያልቅ ስድስት ወር ስለቀረው በፊፋ ደንብ መሠረት ከውጭ ክለቦች ጋር መፈራረም ይችል ነበር፤ ሊቨርፑል ሊከለክለውም ሆነ ከመሄዱ አንዲት ሳንቲም ሊያገኝ አይችልም። በሚያዝያ 2025 ለሁለት ዓመት ፈርሞ ቀረ። «የትም ስላልሄደ ይህ ስለ ዝውውር አይደለም» የሚለኝ ይኖራል፤ ሳላህን ለድርድር ኃይል የሰጠው ግን በነጻ የመሄድ መብቱ ነበር፤ ሰውየው ሳይንቀሳቀስም መብቱ ሠርቶለታል።

ስለዚህ ነጻ ዝውውር ስለ ተጫዋቹ ፍላጎት የሚነግረን ነገር የለም፤ የመምረጥ አቅም እንዳገኘ ብቻ ይነግረናል። የሱቁ ባለቤት ከፍተኛውን ኪራይ ሊቀበል ይችላል፤ ወይም ስም ያለው ነጋዴ ገብቶ ቤቱን እንዲያደምቅለት ብሎ ቅናሽ ያደርጋል። ንጎሎ ካንቴ በ2023 ከቼልሲ ጋር የነበረው ውል አልቆ በ32 ዓመቱ አል ኢትሃድ ገባ፤ ደመወዙ አውሮፓ ውስጥ ሊያገኘው ከሚችለው እጅግ የላቀ ነበር። ቲያጎ ሲልቫም የሄደው በነጻ ነው። በ2020 ከፓሪስ ሴንት ዠርሜን ጋር ሊዝበን ላይ የቻምፒየንስ ሊግን ፍጻሜ በባየርን ተሸነፈ፤ በቀናት ልዩነት በ35 ዓመቱ ለቼልሲ ፈረመ፤ በቀጣዩ ዓመት በፖርቶ ከተማ በተደረገው የዚያው ውድድር ፍጻሜ በመጀመሪያው አጋማሽ ተጎድቶ ከሜዳ ወጣ፤ ቡድኑ ማንቸስተር ሲቲን 1 ለ 0 ሲያሸንፍ ያየው ከዳር ሆኖ ነው። የዝውውሩ ዓይነት አንድ ነው፤ መንገዱ ግን ተቃራኒ። ለዚያውም ካንቴ ከሳዑዲ ተጠርቶ በ2024 የአውሮፓ ዋንጫ ለፈረንሳይ ተሰልፏል፤ በ39 ዓመቱ በነጻ ሚላን የገባው ሉካ ሞድሪች ደግሞ የተቀላቀለው በዚያ ዓመት በአውሮፓ ውድድር ያልነበረ ቡድን ነው። «ገንዘብ» እና «ዋንጫ» የሚለው ክፍፍል ራሱ ብዙ ቦታ ያፈስሳል።

ምሳሌዬ የሚሰበርበት ቦታም እዚህ ነው። ሱቅ አያረጅም፤ ባዶ የተቀመጠበት ወር የሚያስከፍለው ኪራይ ብቻ ነው። የ34 ዓመት ተጫዋች ያለ ጨዋታ የሚያሳልፈው ወቅት ግን አይመለስም።

ወደ «አልቆለት ነው» ልመለስ። በነጻ የሚሄድ ሁሉ ውሉ ያለቀ አይደለም፤ በስምምነት የሚፈርስ ውልም አለ። ሮናልዶ በኅዳር 2022 ከማንቸስተር ዩናይትድ የተለየው እንዲህ ነው። ጆርዳን ሄንደርሰንም በ2023 በክፍያ ወደ ሳዑዲው አል ኢቲፋቅ ሄዶ፣ ከስድስት ወር በኋላ ውሉን በስምምነት አፍርሶ ለአያክስ ፈረመ፤ እዚህ ላይ «በነጻ» የመጣው ተጫዋቹ ስለተናቀ ሳይሆን ራሱ መውጣት ስለፈለገ ነው። በስምምነት ማፍረስና ያለ በቂ ምክንያት ማፍረስም አይምታቱብን። ሁለተኛው ካሳ ያስከትላል፤ በፊፋ ደንብ ደግሞ ውሉ ጥብቅ ጥበቃ የሚያገኝበት ጊዜ ተጫዋቹ ከ28ኛ ልደቱ በፊት ከፈረመ ሦስት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ከፈረመ ሁለት ዓመት ነው። የካሳው አሰላል በፈረንሳዊው ተጫዋች በላሳና ዲያራ ጉዳይ በጥቅምት 2024 በአውሮፓ ፍርድ ቤት ስለተነቀፈ፣ የቆየ ማብራሪያ የሚጠቅስ ሰው ቀኑን ይመልከት።

በነጻ ዝውውር በእርግጥ ባዶ እጁን የሚቀረው ማን እንደሆነ ብዙ ጊዜ አይነሳም። ተጫዋች በክፍያ ወደ ሌላ ሀገር ሲዛወር ከክፍያው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል፤ ክፍያ ከሌለ የሚከፋፈልም የለም። የእኛ ሀገር ክለቦች በአብዛኛው የሚያስፈርሙት ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት በመሆኑ ይህ ይበልጥ ይነካናል። በ2010 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን በገባበት ዓመት ዋንጫ ላነሳው ለጅማ አባ ጅፋር ዓይነቱ ክለብ፣ ከ23 ዓመት በላይ የሆነና ውሉ ያለቀ ተጫዋች ሲሄድ በእጁ የሚቀር ገንዘብ የለም። ተጫዋቹ ወደ ውጭ የሚሄድ ከሆነ ዝውውሩ ነጻ ቢሆንም ዓለም አቀፍ የዝውውር ሰርተፍኬት ያስፈልገዋል፤ ሰርተፍኬቱን የሚሰጠው ክለቡ ሳይሆን ፌዴሬሽኑ ነው፤ ለዚያም ገንዘብ ሊጠየቅበት አይችልም።