«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ»፦ በሬው የአገሩ የሚሆነው መቼ ነው?

ባለፈው ዓመት በምኖርበት የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ግቢ በተደረገ የእድር ስብሰባ ላይ፣ ከሌላ ከተማ ተዛውራ ከመጣች መንፈቅ ያልሞላት አንዲት እናት ተነሥታ፣ የሒሳብ ሙያ እንዳላትና የእድሩን መዝገብ ብትይዝ ደስ እንደሚላት በትሕትና ተናገረች። ከፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት ፈገግ ብለው «እግዜር ይስጥሽ ልጄ፤ ግን የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው» አሏት። ተሰብሳቢው ሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀችና ተቀመጠች። እኔን የከነከነኝ አነጋገሩ ሰውን ለማራቅ መዋሉ ብቻ አልነበረም። በዚያ ግቢ ውስጥ ያለነው ሁሉ ቤቱ በዕጣ ወጥቶልን፣ ወይም ዕጣ ከወጣለት ሰው ተከራይተን፣ ከየአቅጣጫው የተሰባሰብን ነን። አዛውንቱ ራሳቸው እሷን የሚቀድሟት በስምንት ዓመት ነው።

ሰርዶን በጓሮ ሣርነቱ ብቻ የሚያውቅ ሰው የአነጋገሩን ክብደት አያገኘውም። ለከብት ግሩም ግጦሽ ነው፤ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው አህያም ያለምክንያት አልመረጠችውም። በእርሻ ላይ ግን ጠላት ነው። ሥሩ መሬት ለመሬት ይሳባል፣ በየአንጓውም አዲስ ቡቃያ ያወጣል፤ ስለዚህ በማረሻ የተቆራረጠ ሰርዶ፣ አፈሩ እርጥብ ከሆነ፣ አንዱ አሥር ሆኖ ይበቅላል። የእኛ ማረሻ ደግሞ አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጠውም። ገበሬ አንድን ማሳ ለጤፍ ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ደጋግሞ፣ ትልሙን እያቋረጠ የሚያርስበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ሥሩ ወጥቶ ፀሐይ እስኪመታው ድረስ መመላለስ ይኖርበታል። በበልግ ወራት ከሞፈሩ ኋላ እየተከተልን የተነቀለውን ሰርዶ የምንለቅም፣ አፈሩን የምናራግፍና በማሳው ዳር የምንከምር እኛ ልጆች ነበርን። ጣታችን ይቆስል ነበር፤ ጥጆቹ ግን ይወዱን ነበር።

አንዳንዶች አነጋገሩን «የአገሩን ሣር የአገሩ በሬ ይብላው» ብለው ይፈቱታል። ይህ የማያስኬድ መሆኑን ሰዋስዉ ራሱ ይነግረናል። ነገሩ የመብላት ቢሆን ኖሮ «የአገሩን ሰርዶ የአገሩ በሬ» ይባል ነበር፤ የተባለው ግን «በአገሩ በሬ» ነው። ይህች «በ» በሬውን መሣሪያ ታደርገዋለች፤ የተዋጠው ግስም «ማረስ» ነው። ስለዚህ አነጋገሩ ሥራን ይናገራል፤ ማን ምን ይጠቀም የሚል ድርሻ ክፍፍል የለበትም።

ይህን አነጋገር መጀመሪያ የሰማሁት ጎጃም ውስጥ፣ ከአያቴ አፍ ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ከጥንድ በሬዎቹ አንዱ ሞቶበት ቦራ የሚባለው ሽማግሌ በሬ ብቻ ቀርቶት ነበር። በዚያው ክረምት አንድ ሰው ከወንዝ ማዶ መጥቶ በሚስቱ አገር ጎጆ ቀለሰ፤ ሀብቱ ዳልቻ የሚባል አንድ በሬ ብቻ ነበር። መንደርተኛው ሰውየውን «መጤ» እያለ ሲያማው፣ አያቴ ሄዶ መቀናጆ ጠየቀው። መቀናጆ ማለት አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች በሬዎቻቸውን አጣምደው፣ ዛሬ በአንዱ ማሳ፣ ነገ በሌላው ማሳ የሚያርሱበት ውል ነው። ወረቀትም ፊርማም የለውም፤ በአንድ ቀንበር ሥር ሁለት ባለቤት ያላቸው እንስሳት መዋላቸው ራሱ ውሉ ነው። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ የምንሰማው «ቅንጅት» የሚለው ቃል የዚህ የመቀናጆ ወንድም መሆኑን ስንቶቻችን እናስታውሳለን?

ዳልቻ መጀመሪያ ላይ አስቸጋሪ ነበር። ጉልበት ሞልቶት ሳለ መሬቱን አያውቀውም። ማረሻው የሰርዶ ሥር ሲይዘው ቦራ ቀስ ብሎ እስኪላቀቅ ይጠብቃል፤ ዳልቻ ግን ይበልጥ ይጎትታል፣ ምራኑም ይበጠሳል። ማታ ሲፈታ ደግሞ ፊቱን ወደ ወንዙ ያዞራል፤ የተወለደበትን በረት ፍለጋ። ለብዙ ሳምንት ማታ ማታ እየተጠበቀ ታስሮ አደረ። አንድ ምሽት ግን ልጆቹ ዘንግተነው ሲመሽብን፣ ሮጠን ብንወርድ ወንዙ ዳር የለም፤ ለካ ከቦራ ኋላ ኋላ እየሄደ ራሱ በረት ገብቶ ኖሯል።

ከሁለት ዓመት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለ፣ ለዘመናት ጦም ያደረ ሰርዶ የበላው መሬት እንዲታረስ ሲመከር፣ አንዱ ከሌላ ቀበሌ ብርቱ ጥማድ በኪራይ ይምጣ አለ። አያቴ ነው ያኔ «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ያለው፤ ሲለውም በእጁ ያመለከተው ወደ ዳልቻ ነበር። ማዶ የተወለደውን በሬ የአገሩ በሬ ሲለው የተከራከረው ሰው አልነበረም፤ የዚያን አፈር ጠባይ በትከሻው ተምሮታልና።

ስለዚህ የአነጋገሩ መነሻ መቀናጆ ነው ብዬ አምናለሁ። በጽሑፍ የተደገፈ ማስረጃ አቅርብ የሚለኝ ቢኖር፣ የማቀርበው ያችን የአያቴን እጅ ነው። ደግሞም አነጋገሩን መርምሩት፤ «የአገሩ» ይላል እንጂ «የተወለደው» የሚል ቃል አንድም ቦታ የለበትም። ለባላገር ደግሞ «አገር» አንዳንዴ ከወንዙ ወዲህ ያለው ብቻ ነው። በዚህ ስፋት ባላት አገር ውስጥ ከማዶ የሚመጣ በሬም፣ ሙሽራም፣ አማችም ሞልቷል፤ ሁሉም በውልደት ቢለይ ኖሮ ቀንበሩን የሚሸከም አንገት ይጠፋ ነበር።

ከተማማ ከዚህ የባሰ ነው። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ ከሌላ ቦታ በመጣ ሰው የተሠራች ናት፤ «ሰፈር» የምንለው ቃል ራሱ «ሰፈረ» ከሚለው የወጣ፣ ተጓዥ ድንኳኑን የተከለበት ማለት ነው። ጎፋ ሰፈርና ዶርዜ ሰፈር ስማቸው ከየት እንደመጡ ይናገራል። «የሰፈር ልጅ ነኝ» ብሎ ደረቱን የሚነፋ ሁሉ፣ ቃሉን ቢያጤነው፣ «የሰፋሪ ልጅ ነኝ» ማለቱ ነው። በዚህ ከተማ ዘመድ የሌለው ሰው ሌሊት ሐዘን ቢደርስበት ድንኳን የሚተክልለት፣ ወንበርና ድስት የሚያመጣለት፣ ቀብር የሚቆምለት እድሩ ነው። የከተማው ሰርዶ ይህ ነው፦ ለቅሶው፣ የተቋረጠው ውኃ፣ የታፈነው የፍሳሽ መውረጃ፣ የማይገጥመው ሒሳብ። መጪው መዋጮውን ከፍሎ፣ በማያውቀው ሰው ለቅሶ ላይ የድንኳን ገመድ የያዘ ዕለት ቀንበሩ አንገቱ ላይ ገብቷል። አዲስ ሰው አገር የሚለምደው በዚህ ነው እንጂ፣ በመስኮት እያየ ዓመት በመቁጠር አይደለም።

አሁን አሁን ይህን አነጋገር የምንጠቅሰው በር ለመዝጋት ሆኗል። ኮሚቴ ሲመረጥ፣ ሥራ ሲታደል፣ አንድ አዲስ ሰው አንድ አዲስ ሐሳብ ሲያመጣ ከአፋችን ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው። የሚገርመው፣ የሚናገሩት ብዙዎቹ ሰርዶውን ለማረስ የተነሡ አይደሉም፤ ማሳው ጦም እያደረ በሬ ይመርጣሉ። አያቴ ቢሰማቸው ይቆጣ ነበር፤ እሱ አነጋገሩን የተናገረው ሞፈሩን ትከሻው ላይ አድርጎ ነው።

የእድራችን መዝገብ እስከ ዛሬ በዚያው በቀድሞው እጅ ነው። ባለፈው ወር የማን መዋጮ እንደጎደለ ለማወቅ ሦስት ሰዎች አንድ ገጽ ላይ አጎንብሰው አመሹ፤ ያች የሒሳብ ባለሙያ ደግሞ ከኋላ ተቀምጣ ልጇን ታስተኛ ነበር።