ፈርዖን የማያውቀው ቀን

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንዲት እህታችን ዐይኗ ቀልቶ አየኋት። ያለቀሰች መስሎኝ ደነገጥኩ። "ኧረ እንቅልፍ ነው" አለችኝ። ቀን ቢሮ ሒሳብ ትሠራለች፤ ማታ ደግሞ የነጋዴዎችን ደረሰኝ ይዛ ቤቷ ትገባለች። "ታዲያ ዛሬ እንኳ ተኝተሽ ዋዪ" ስላት ሳቀች። "ቁጭ ስል ሰነፍ የሆንኩ ይመስለኛል።"

ይቺ "ሰነፍ" የምትል ቃል ቤቴ ድረስ ተከተለችኝ። የት ነው የማውቃት? ዘጸአት 5ን ስገልጥ አገኘኋት። ሙሴና አሮን ፈርዖንን "ሕዝቡን ልቀቅ፣ በምድረ በዳ በዓል ያድርጉ" አሉት። እሱ ምን አደረገ? ጡብ ለሚሠሩለት እስራኤላውያን ባሪያዎቹ ጭዱን ከለከላቸው። ጭዱን ራሳቸው እየለቀሙ የጡቡን ቁጥር ግን እንዳይቀንሱ አዘዘ። አለቆቻቸው ሲጮኹለት ደግሞ መልሱ ያው ነበር፦ ሰነፎች ናችሁ።

እና ወገኖቼ፣ ደክሞን ቁጭ ስንል በጆሯችን "ሰነፍ" የሚለን ድምፅ የማን ነው? እኛ እኮ የኅሊና ድምፅ እያልን እናከብረዋለን።

እግዚአብሔር ለደከመ ሰው እንዲህ አይናገርም። ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ ሥር ወድቆ "ይበቃኛል" ሲል መልአኩ አልገሠጸውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩም ድጋሚ መጥቶ "ተነሥተህ ብላ፣ መንገዱ ሩቅ ነው" አለው (1ኛ ነገሥት 19)። ስብከት የለ፣ ወቀሳ የለ። በእንጎቻውና በእንቅልፉ ኃይል ነው አርባ ቀን ተጉዞ ኮሬብ የደረሰው።

እርግጥ "እረፉ" ብሎ ማስተማር ቀላል ነው። የቤት ኪራይና የዘይት ዋጋ አያርፍም። ይህን እኔም አውቀዋለሁ። ግን ልብ በሉ፣ ለእስራኤል መጀመሪያ "ነገ ዕረፍት ነው" የተባለው ጎተራው በሞላበት አገር አይደለም። ምድረ በዳ ላይ ነው፤ ከእጅ ወደ አፍ በሆነ ኑሮ። ከሰማይ የሚወርድላቸው ምግብ፣ መናው፣ ለአንድ ሰው አንድ ጎሞር (አንድ መስፈሪያ) ብቻ ይለቀም ነበር፤ ለነገ ያስተረፈውም ይተላበታል። በስድስተኛው ቀን ግን ሁለት ጎሞር ለቀሙ፣ አልተላም። በሰባተኛው ቀን "ለማንኛውም" ብለው የወጡም ነበሩ። ምንም አላገኙም (ዘጸአት 16)። እኔ ብሆን ከሚወጡት መካከል እንደምገኝ አልጠራጠርም።

ዘዳግም 5 ላይ ሙሴ ሰንበትን ሲደግምላቸው ምክንያቱን ጨምሮ ነው፦ አንተም በግብፅ ባሪያ ነበርህ፣ እሱን አስብ። ባሪያ ቀን የለውም። ማረፍ የሚችል ጌታው ፈርዖን ያልሆነ ሰው ነው። እሑድ በቴሌግራም ግሩፕ መልእክት ሲገባ ልቤ የሚደነግጠው ታዲያ ለምንድን ነው?

ጌታችን "ሸክማችሁ የከበደ ሁሉ ወደ እኔ ኑ" ካለ በኋላ "ቀንበሬን ተሸከሙ" ማለቱ ድሮ ይገርመኝ ነበር። ደክሞኛል ላለ ሰው ቀንበር? ገበሬ ግን ይገባዋል። ቀንበር ለጥንድ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል። ሥራው አልቀረም፣ ብቻውን መጎተት ነው የቀረው። "ካልሠራሁ ሁሉም ነገር ይፈርሳል" ብሎ የሚያድር ሰው ብቻውን ተጠምዷል። ማታ ኮምፒውተሩን ዘግቶ "አባታችን ሆይ" ብሎ የሚተኛ ሰው ግን የቀረውን ለማን እንደተወ ያውቃል። ያልተሠራው ሒሳብ ጠዋትም እዚያው ይገኛል፣ የትም አይሄድም።

ይህን ሁሉ ለእህታችን ልጽፍላት ተቀምጬ ሳለ ያችው ዘዳግም 5 እኔኑ ያዘችኝ። ትእዛዙ "አንተ እረፍ" ብሎ አያቆምም። አገልጋይህም እንደ አንተ ይረፍ ይላል። እኛ ቤት የምታግዘን ልጅ አለች። እሑድ ጠዋት እኔ ነጠላዬን ለብሼ ስወጣ እሷ ሽንኩርት ትከትፋለች። ስንት ዓመት አየኋት! አንድም ቀን ከሰንበት ጋር አላገናኘሁትም። ከባለቤቴ ጋር ተነጋገርን፤ ልጅቱን ራሷን ይቅርታ ጠየቅናት። ደንግጣ "ኧረ ጋሽዬ፣ ምን አጠፋሁ?" አለች።

አሁን ቅዳሜ ማታ እጥፍ ወጥ ይሠራል፣ እኛም እናግዛለን። የቀዳሚት ሰንበት፣ የቅዳሜዋ ነገር፣ ገና ይቀረናል፣ አልዋሽም። እሑድ ሌሊት ግን የግቢው በር ሲከፈት ይሰማኛል። ልጅቱ ከሁላችንም ቀድማ ኪዳን፣ ከቅዳሴ በፊት ያለውን ጸሎት፣ ልታደርስ እየወጣች ነው።