ሕዝቅያስ መድኃኒት አልናቀም፦ ስለ ይሁዳው ንጉሥ የሚነገሩ ስሕተቶችና እውነታው

ብሉይ ኪዳን ማስተማር ሥራዬ ነው። ትምህርቱ ወደ ይሁዳው ንጉሥ ወደ ሕዝቅያስ በደረሰ ቁጥር አንድ ተማሪ እጁን ያነሣና “ሕዝቅያስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ጸለየ፤ ያለ ምንም መድኃኒት ተፈወሰ፤ 15 ዓመትም ተጨመረለት” ይላል። ሌሎቹ “አሜን” ይላሉ። ይህን መስማት ታክቶኛል፤ ሰው ሲጎዳበት አይቻለሁና። ወደ እርሱ ከመግባቴ በፊት ግን ሌሎቹን ላንሣ።

“ሕዝቅያስና ሕዝቅኤል አንድ ሰው ናቸው።” አይደሉም። ሕዝቅያስ የአካዝ ልጅ፣ በኢየሩሳሌም 29 ዓመት የነገሠ ንጉሥ ነው። ሕዝቅኤል ከመቶ ዓመት በኋላ በባቢሎን ምርኮ የተነበየ ካህን ነው።

“ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ ስለ መኖሩ ማስረጃ የለም።” ይህን የሚለው ደግሞ ብዙ ያነበበ የሚመስለው ሰው ነው። የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም በራሱ የዘመቻ መዝገብ ላይ ሕዝቅያስን በስም ይጠራዋል። በኢየሩሳሌም በተደረገ ቁፋሮ “የይሁዳ ንጉሥ የአካዝ ልጅ የሕዝቅያስ” የሚል ማኅተም ያረፈበት ትንሽ የሸክላ ቁራጭ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ሆኗል። ከግዮን ምንጭ እስከ ሰሊሆም መጠመቂያ በዓለት ውስጥ የተቦረቦረው 533 ሜትር የውኃ መተላለፊያም እስከ ዛሬ ውኃ ይሄድበታል። ቱሪስቶች እስከ ጉልበታቸው እየረጠቡ ያልፉበታል።

በዚሁ ላይ ግን አማኞቹም ይሳሳታሉ፤ “ስሙ በዋሻው ግድግዳ ላይ ተቀርጾ ተገኝቷል” ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1880 የተገኘውና አሁን በኢስታንቡል ሙዚየም ያለው ባለ 6 መስመር ጽሑፍ የማንንም ንጉሥ ስም አይጠራም። የሚተርከው የሠራተኞቹን ነገር ነው። ከሁለት አቅጣጫ ይቆፍሩ የነበሩት ወገኖች ሦስት ክንድ ያህል ሲቀራቸው አንዱ የሌላውን ድምፅ ከዓለቱ ማዶ ሰማ፤ ከዚያ ዶማ ለዶማ ገጥመው ዓለቱን በሱት፤ ውኃውም ከምንጩ ወደ መጠመቂያው 1,200 ክንድ ፈሰሰ ይላል። እኔ ከማንኛውም የንጉሥ ስም ይልቅ ይህን እወደዋለሁ። ሥራው የሕዝቅያስ መሆኑን የሚነግረን 2ኛ ነገሥት 20 ቁጥር 20 ነው፤ የመተላለፊያው ልስን የዕድሜ ምርመራም ከዘመኑ ጋር ይስማማል።

“ቲርሐቅ ከአክሱም ተነሥቶ ሕዝቅያስን ረዳው።” አክሱም የገነነችው ከዚህ ብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። ቲርሐቅ መናገሻው በዛሬዋ ሱዳን በናፓታ ከነበረው፣ ግብፅንም ይገዛ ከነበረው የኩሽ ሥርወ መንግሥት የወጣ ነው፤ ፒራሚዱም በኑሪ አለ። ዙፋኑን የያዘው በ690 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ስለ ሆነ፣ ሰናክሬም በይሁዳ ላይ በዘመተበት በ701 ገና የጦር መሪ የሆነ ልዑል ነበር። ለአፍሪካ ታሪክ ትልቅ ሰው ነው፤ ከቦታው ማንሣት አያስፈልግም።

“ሕዝቅያስ ጸለየና ያለ አንዳች ጉዳት አሸነፈ።” እስቲ የይሁዳ ከተማ የሆነችው የላኪሶ ሰዎች ቢሰሙን! በ701 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ሰናክሬም 46 የተመሸጉ ከተሞችን እንደ ያዘና 200,150 ሰው እንደ ማረከ ይናገራል። ቁጥሩን አጋንኖት ሊሆን ይችላል፤ የላኪሶ ውድቀት ግን በነነዌ ቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ በድንጋይ ተቀርጾ ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይታያል። እናቶች ልጆቻቸውን በጋሪ ጭነው ሲሰደዱ ያሳያል። ሕዝቅያስም 300 መክሊት ብርና 30 መክሊት ወርቅ ገብሯል፤ ለዚህም ከቤተ መቅደሱ ደጆች የለበጠውን ወርቅ ገፏል። የአሦሩ መዝገብ ወርቁን በዚያው በ30 መክሊት ያስቀምጥና ብሩን 800 ያደርሰዋል። ኢየሩሳሌም ግን አልተያዘችም። ሰናክሬም ራሱ ሕዝቅያስን “እንደ ወፍ በወፍ ቤት” ዘጋሁበት ከማለት አልፎ ከተማዪቱን ያዝኩ አላለም። መዳንዋ እውነት ነው፤ ይሁዳ ግን በዙሪያዋ ተቃጥላ ነበር። ሰናክሬም “እንደ ተመለሰ ወዲያው በልጆቹ ተገደለ” የሚባለውም ልክ አይደለም። የተገደለው በ681፣ ከ20 ዓመት በኋላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። “ሕዝቅያስ በጸሎት ብቻ ተፈወሰ፤ እኛም መድኃኒት አያስፈልገንም።” ይህን የሚሰብኩ ሰዎች 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 20ን ከቁጥር 1 እስከ 6 ያነቡና መጽሐፉን ይዘጋሉ። ቁጥር 7 የት ሄደች? በቁጥር 7 ኢሳይያስ ራሱ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲያመጡ ያዝዛል፤ አምጥተው በንጉሡ እባጭ ላይ ያደርጉለታል፤ ይድናል። ትንቢተ ኢሳይያስም ምዕራፍ 38 ቁጥር 21 ላይ ያንኑ ይደግመዋል። ሁለት መጻሕፍት የመዘገቡትን እየዘለሉ “ቃሉ እንዲህ ይላል” ማለት ድፍረት ነው።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። ጸሎቱ ቀደመ፤ ጸሎቱ እንደ ተሰማና እንባው እንደ ታየ ተነገረው፤ 15 ዓመቱ ተሰጠው። የበለሱ መድኃኒት የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የተስፋውን ቃል ከነቢይ አፍ የሰማ ሰው “መድኃኒቱ እምነቴን ያጎድልብኛል” ብሎ አልመለሰውም። መድኃኒቱን ያዘዘውም ያንኑ ቃል ያመጣው ነቢይ ነው።

“በለሱ ምልክት ብቻ ነበር” የሚሉኝ አሉ። በለስ በዚያ ምድር የታወቀ መድኃኒት ነበር። ከሕዝቅያስ አምስት መቶ ዓመት ገደማ ቀድማ በጠፋችው በሶርያ የባሕር ዳርቻ ከተማ በዑጋሪት የተገኙ የሸክላ ጽሑፎች ለታመመ ፈረስ ከሚቀመሙት ነገሮች መካከል የቆየ የበለስ ጥፍጥፍን ይጠቅሳሉ። ሌሎች ደግሞ ሕዝቅያስ “የመድኃኒት መጽሐፍን ሰወረ” የሚለውን የአይሁድ ትውፊት ያመጡልኛል። ታልሙድ ይህን ይናገራል፤ ሕዝቡ በመጽሐፉ ተማምኖ ጸሎት ስለ ተወ ነው የሰወረው ያሉ ተርጓሚዎችም ነበሩ። በ12ኛው መቶ ዓመት በግብፅ የኖረው ሐኪምና የሕግ መምህር ማይሞኒደስ ግን በቁጣ መለሰላቸው፦ እንዲህ ከሆነ የራበው ሰው ዳቦ በልቶ ሲጠግብ በእግዚአብሔር መታመኑን ትቷል ልትሉ ነው?

ጋሼ ብዬ የምጠራቸው ጎረቤት አሉኝ። ለዓመታት የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዱ ነበር። አንድ ሰባኪ “የሕዝቅያስ ዕድሜ ተጨምሮልዎታል” አላቸውና ኪኒናቸውን ጣሉ። የደም ግፊት አያምም፤ ስለዚህ ለጥቂት ጊዜ የዳኑ መሰላቸው፤ በየቤቱም እየዞሩ መሰከሩ። ከዚያ አንድ ማለዳ ከአልጋቸው መነሣት አቃታቸው። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሷል። ዛሬ ቀኝ እጃቸው ሲኒ አያነሣም፤ ንግግራቸውን የሚረዱት ባለቤታቸው ብቻ ናቸው። ያ ሰባኪ አንድ ቀን እንኳ መጥቶ አልጠየቃቸውም።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። ጸልዩ፤ ጠበል ተጠመቁ፤ አባቶች ይጸልዩላችሁ። ነገር ግን ኢንሱሊን፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ያለ ሐኪሙ ምክር ለአንድ ቀንም አያቋርጥ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ብዙውን ጊዜ 6 ወር ይወሰዳል፤ ሳሉ ቆመ ብሎ በመካከል የሚተወው ሰው በሽታው መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርጋል፤ የተለማመደውንም በሽታ ለልጆቹ ሊያስተላልፍ ይችላል። ተፈውሻለሁ የምትል እኅት ካለች እሰየው፤ ሄዳ ትመርመር፤ መድኃኒቱን የሚያስቆማት ውጤቱን ያየው ሐኪም ይሁን። በጾም ወራት የኪኒና ሰዓት የሚያስጨንቃችሁ ለንስሓ አባታችሁ ንገሩ፤ አስተዋይ ካህን መድኃኒታችሁን እንድትወስዱ ይነግራችኋል። “ሐኪም ጋ መሄድ አለማመን ነው” የሚላችሁ ሰው ካለ መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን አንብቡለት፤ ሐኪምንም ከምድር የሚወጣውን መድኃኒትም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል። እምቢ ካለ ከቤታችሁ አስወጡት። ይሉኝታ ሰው ይገድላል።

“የጥላው መመለስ በናሳ ኮምፒውተር ተረጋግጧል።” ጥላው ወደ ኋላ መመለሱ ሕዝቅያስ እንደሚድን የተሰጠው ምልክት ነው። የኮምፒውተሩ ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ1970 አካባቢ ጀምሮ በአሜሪካ ሲዞር የኖረ ወሬ ነው፤ በኢያሱ ዘመን 23 ሰዓት ከ20 ደቂቃ፣ በሕዝቅያስ ዘመን 40 ደቂቃ ጠፍቶ ተገኘ ይላል። ናሳ አስተባብሎታል። የጠፋ ቀን በስሌት ለማግኘት ከመጥፋቱ በፊት የተቆጠረ ሌላ የቀን መዝገብ ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለ መዝገብ የለም። በምልክቱ የሚያምን ሰው በሐሰት ምስክር አይደግፈው።

“የታመመው ከድሉ በኋላ ነው።” ታሪኩ የተጻፈው ከጦርነቱ ቀጥሎ ስለ ሆነ ነው እንዲህ የሚመስለው። በ2ኛ ነገሥት 20 ቁጥር 6 ግን እግዚአብሔር ከተማዪቱን ከአሦር ንጉሥ እጅ እንደሚያድን ቃል ይገባል፤ ገና አልዳነችም ማለት ነው። ከበሽታው በኋላ የመጡት የባቢሎን መልእክተኞችም በብርና በወርቅ የተሞላ ግምጃ ቤት አይተዋል፤ ለሰናክሬም ከተገበረ በኋላ ያ ሁሉ ከየት ይገኛል? የላካቸው መሮዳክ ባልዳን በአሦር ላይ ያመፀ ሰው ነበር፤ በ703 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ዳግም ነግሦ ወዲያው ተባርሯል። መልእክተኞቹ የታመመ ከመጠየቅ ጋር አጋር ሳይፈልጉም አልቀሩም።

የመጨረሻው፦ “15 ዓመቱ ባይጨመር ክፉው ምናሴ አይወለድም ነበር፤ ስለዚህ ጸሎቱ ስሕተት ነበር።” ምናሴ ሲነግሥ የ12 ዓመት ልጅ ስለ ነበር ሒሳቡ ልክ ይመስላል። ጸሎቱን የሚነቅፍ አንድም ቃል ግን በመጽሐፉ ውስጥ የለም። 2ኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 33 ምናሴ በምርኮ ሳለ ንስሓ እንደ ገባ ይናገራል፤ የልጅ ልጁ ኢዮስያስም ከይሁዳ ነገሥታት ደጋጎቹ አንዱ ነው። ማቴዎስ ምዕራፍ 1 ቁጥር 10 ላይ ሕዝቅያስ፣ ምናሴ፣ አሞፅና ኢዮስያስ ተከታትለው በጌታ የትውልድ ሐረግ ተቆጥረዋል።